ኮርቻ በልክ፤ ከአዳማ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ በብስክሌት

አባቶቻችን በቅሎ ጭነው ለመንገድ ሲነሡ አይቸኩሉም ነበር። ኮርቻው በበቅሎዪቱ ጀርባ ላይ በደንብ መቀመጡን፣ የሆዷ ጠፍርም አለመላላቱን ካዩ በኋላ እርካቡን ይለኩ ነበር። ረጅም ሰው ሲቀመጥበት የኖረውን ኮርቻ አጭር ሰው ሲወርሰው፣ አስቀድሞ የሚያደርገው ነገር የእርካቡን ጠፍር ማሳጠር ነው። ይህን ሳያደርግ ዳገትና ቁልቁለት ቢጋልብ፣ ማታ ከቤቱ ሲገባ ወገቡንና ጉልበቱን ይዞ ማቃሰቱ አይቀርም። እንዲህ ሲሆን ጥፋቱ የበቅሎዪቱም የጉልበቱም አይደለም፤ የልኩ ነው።

እኛ የዛሬ ወጣቶች ግን የብረቷን በቅሎ፣ ብስክሌትን፣ ስንገዛ ይህን ጥንቃቄ ረስተነዋል። ከሱቅ እንደ ወጣች ዘለን እንወጣባታለን። ጉልበታችን ሲያመን «ስላልለመድሁ ይሆናል» እንላለን፤ እጃችን ሲደነዝዝ «ይለቀኛል» እንላለን፤ ወገባችን ሲቆረጥም «ስፖርት እንዲህ ነው» ብለን ጥርሳችንን እንነክሳለን። የብስክሌት መቀመጫ በአማርኛችን እስከ ዛሬ ስሙ «ኮርቻ» ነው። ስሙን ከአባቶቻችን ወረስን፤ መለካቱን ግን ተውነው። ይህን የምጽፈው ዐዋቂ ነኝ በማለት አይደለም፤ ስሕተቱን ራሴ ሠርቼ፣ መታረሚያውን በሞጆ ከተማ፣ በደረቁ ወደብ አጠገብ፣ በአንድ ቅዳሜ ቀን ስለ ተማርሁት ነው።

ሰማያዊዪቱ ኮርሳ

እኔ በአዳማ ከተማ ሒሳብ አስተምራለሁ። ከቤቴ እስከ ትምህርት ቤቱ በባጃጅ እየተጋፋሁ መሄድ ስለ ሰለቸኝ፣ ደግሞም ዕረፍት ባገኘሁ ቀን የስምጥ ሸለቆን ከተሞች በራሴ ጉልበት ዞሬ ለማየት ስለ ተመኘሁ፣ ብስክሌት ልገዛ አሰብሁ። ባልንጀሮቼ ሁሉ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ተሰብስበው አበረታቱኝ። ዳሩ ግን «በቅሎ ግዙ ግዙ፣ አንድ አሞሌ ላያግዙ» እንደ ተባለው፣ ምክሩን ሁሉም ሲሰጠኝ ገንዘቡን ያጠራቀምሁት ለብቻዬ ነው። ዓመት ከአምስት ወር ፈጀብኝ። ይባስ ብሎም ለታናሽ እኅቴ ኮምፒዩተር ልገዛላት የገባሁትን ቃል ማዘግየት ግድ ሆነብኝ። እርስዋም «ምንም አይደለም፤ አንተ ግዛ» አለችኝ። እንዲህ ያለ ቸርነት ከቁጣ ይልቅ ይከብዳል።

በመጨረሻ አዲስ አበባ ወጥቼ አንዲት ኮርሳ ብስክሌት ገዛሁ፤ ቀለሟ ሰማያዊ፣ ጎማዋ ቀጭን፣ መሪዋ እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠመዘዘ። ሻጩ ከካርቶን አውጥቶ፣ መሪዋንና ፔዳሎቿን አጥብቆ፣ ኮርቻዋን እንደ ነገሩ ተክሎ «ለሁሉም ሰው ይሆናል» አለኝ። ኮርቻው ዝቅ ያለ ስለ ነበር፣ ስቀመጥ ሁለቱም እግሮቼ መሬት ይነኩ ነበር። እኔም ይህን እንደ ደኅና ምልክት ቈጠርሁት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልናገር። 10 ኪሎ ሜትር ያህል ስሄድ ጉልበቴ ከፊት በኩል፣ ከሎሚው ሥር፣ ይነድደኛል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የእጄ ትንሿ ጣትና ከአጠገቧ ያለችው ይደነዝዛሉ። በነጋታው ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ጠመኔው ከእጄ ያመልጣል። ሁለት ወር ታገሥሁ። በሦስተኛው ወር ግን «አንተ ለዚህ አልተፈጠርህም» አልሁ ለራሴ። ብስክሌቷን ሸጬ ለእኅቴ ቃሌን ብፈጽም ይሻላል ብዬም ገዥ መፈለግ ጀመርሁ።

ገዥው የተገኘው በሞጆ ነው። በትራንዚት ሥራ የሚተዳደር አንድ ወጣት ዋጋውን በስልክ ከተስማማን በኋላ «ቅዳሜ በአራት ሰዓት ከደረቁ ወደብ አጠገብ ካለው ሻይ ቤት አምጣት» አለኝ። በመኪና ጭኜ ልወስዳት እችል ነበር፤ ነገር ግን ለመጨረሻ ጊዜ ልሰናበታት ብዬ በላይዋ ሆኜ ለመሄድ ቈረጥሁ።

ነፋስና ጤፍ

ከአዳማ እስከ ሞጆ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ለብስክሌት የተፈቀደ ስላልሆነ፣ ብስክሌተኛ የሚሄደው በአሮጌው መንገድ ነው። አዳማ በኮረብቶች መካከል በዝቅተኛ ስፍራ የተቀመጠች ከተማ ስለ ሆነች፣ ወደ ሞጆ የሚወጣ ሰው አስቀድሞ የሚያገኘው ዳገት ነው።

ከጧቱ አንድ ሰዓት ገደማ ተነሣሁ። በኮረብቶቹ ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ነጫጭ ምሰሶዎች ቆመዋል። የመጀመሪያው ጣቢያ 34 ተርባይኖች ሲኖሩት ኃይሉ 51 ሜጋ ዋት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ 102 ተርባይኖችና 153 ሜጋ ዋት አለው። ሒሳብ አስተማሪ ነኝና ዳገቱን ስወጣ ለማካፈል ሞከርሁ፤ ለእያንዳንዱ ተርባይን አንድ ሜጋ ዋት ተኩል ይደርሰዋል። እነዚህ ተርባይኖች ነፋሱ አቅጣጫውን በለወጠ ጊዜ ፊታቸውን ወደ ነፋሱ ያዞራሉ። እኔ ግን እንደ ተተከልሁ ነበርሁ። አንገቴ ተቀብሮ፣ ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ወጥቶ፣ ጉልበቴ በእያንዳንዱ ዙር ደረቴን ሊነካ ምንም አይቀረው ነበር።

ዳገቱ ካለቀ በኋላ አገሩ ይዘረጋል። ወሩ ኅዳር ነበርና የሉሜ ማሳ በጤፍ ቢጫ ሆኗል። አጫጆች ጎንበስ ብለው ተሰልፈዋል፤ አህዮች ነዶ ተሸክመው በመንገዱ ዳር ይሄዳሉ፤ ግራሮች አልፎ አልፎ ለብቻቸው ቆመዋል። መንገዱ ራሱ ግን ለተመልካች ጊዜ አይሰጥም። ተሳቢ የጫነ የጭነት መኪና ባጠገብ ሲያልፍ ነፋሱ አስቀድሞ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ቀጥሎ ወደ ውስጥ ይስባል። እንዲህ ባለው ጊዜ መሪውን ለመቆጣጠር የነቃ እጅ ያስፈልጋል። የእኔ ግን ደንዝዞ ነበር። በአንድ ስፍራ መኪና ሲያልፈኝ ፍሬኑን ልይዝ ብፈልግ ጣቶቼ አልታዘዙኝም። ከአስፋልቱ ወጥቼ በጠጠሩ ላይ እየተንሸራተትሁ ቆምሁ። አልወደቅሁም፤ ነገር ግን ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። የማይመች ብስክሌት ሰው ሊገድል ይችላል።

ባሕር የሌለው ወደብ

ሞጆ ጥንትም የመንገድ ከተማ ናት። የቀድሞው ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ያለፈው በእርስዋ በኩል ነው። ወደ ሐዋሳ የሚሄደውም መንገድ ከምሥራቁ መንገድ የሚገነጠለው በሞጆ ነው። ዛሬ ግን ስሟን በአገሩ ሁሉ ያስጠራው ደረቁ ወደብ ነው። የመርከብ፣ የትራንዚትና የደረቅ ወደብ ሥራ በየራሱ ድርጅት ይካሄድ ነበር፤ በ2004 ዓ.ም. በአንድ ተጠቃሎ ሞጆም በዚያ ሥር ዋለች። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ተመረቀ።

ወደብ ሲባል ማዕበልና የመርከብ ጡሩንባ የሚጠብቅ ሰው ሞጆ ቢመጣ ይደነቃል። በአጥሩ ማዶ የሚታየው የብረት ሳጥን በብረት ሳጥን ላይ ተደራርቦ ነው፤ ቀዩ፣ ሰማያዊው፣ አረንጓዴው፣ ዝገት የበላው። ግዙፍ ማንሻዎች አንዱን ኮንቴይነር ከሌላው ጫፍ ላይ እንደ ክብሪት ቀፎ ያነሡታል። ከባሕር ማዶ የመጣው ዕቃ ጅቡቲ ከመርከብ ይወርድና፣ በመኪና ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ወይም በባቡር ተጭኖ እዚህ ይደርሳል። የጉምሩክ ሥርዐቱ የሚፈጸመውም በዚሁ ነው። መድኃኒቱ፣ የመኪና መለዋወጫው፣ የተማሪው ደብተር ወረቀት፣ ምናልባትም የእኔ ሰማያዊ ብስክሌት፣ በዚህ በር ነው የሚያልፉት።

የዚህ ሁሉ ሥራ ምሥጢር ልክ ነው። ኮንቴይነር የትም አገር ቢሠራ ወርዱ 2 ሜትር ከ44 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ቁመናው አጭሩ 6 ሜትር፣ ረጅሙ 12 ሜትር ያህል ነው። አራቱ ማዕዘኖቹ አንድ ዓይነት መያዣ አላቸው። ስለዚህ የሻንጋዩ ማንሻም፣ የጅቡቲው መርከብም፣ የሞጆው ባቡርም ሳይቸገሩ ይይዙታል። በኮንቴይነር ጭኖ የመሄዱ ሥራ የተጀመረው በ1956 እ.ኤ.አ. አንዲት መርከብ ከኒውዮርክ አጠገብ ካለው ከኒውዋርክ ወደብ 58 ሳጥኖች ጭና ወደ ሂዩስተን በተነሣች ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት፣ በእኛ ኅዳር 1949 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል ከሯጮቹ ጋር ወደ ሜልቦርን የላከቻቸው ብስክሌተኞችን ነበር፤ ገረመው ደንቦባም ከእነርሱ አንዱ ነበሩ።

ሳጥኑ ለዓለም ሁሉ በአንድ ልክ ይሠራል፤ ይህም ትልቅ በረከት ነው። በሳጥኑ ውስጥ ያለውን ዕቃ የሚጠቀምበት ሰው ግን በአንድ ልክ አልተሠራም። የእኔ ስሕተት ይህን አለመለየቴ ነበር።

የሾፌሩ ወንበር

ሻይ ቤቱ በላሜራ የተከደነ ነው። ከፊቱ የጭነት መኪኖች ተራቸውን ይጠብቃሉ። ሾፌሮቹ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ስለ ጋላፊ ሙቀትና ስለ ነዳጅ ያወራሉ። ከብስክሌቷ ስወርድ ጉልበቴ አልዘረጋ ብሎኝ አነከስሁ፤ እጄንም አራገፍሁ። ጠጉራቸው የሸበተ አንድ ሾፌር ይህን አይተው ሣቁ።

«ምን ሆነህ ነው ወንድሜ? ብስክሌቷ ተሸከመችህ ወይስ አንተ ተሸከምሃት?» አሉኝ።

«እኔ ሳልሸከማት አልቀረሁም፣ ጋሼ» አልኋቸው። ልሸጣት መምጣቴንም ነገርኋቸው።

ወደ ብስክሌቷ ቀርበው ኮርቻዋን አዩ። ከዚያም ወደ መኪናቸው እያመለከቱ «እኔ ጅቡቲ ደርሼ የምመለስ ሰው ነኝ። ረዳቴ ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል። እርሱ ነድቶ እኔ ስቀበለው፣ ቁልፉን ከመንካቴ በፊት ወንበሩን እስባለሁ፤ መደገፊያውን አስተካክላለሁ፤ መስታወቱን አዞራለሁ። አንተ ወንበርህን ሳታስተካክል ነው እንዴ አገር ያቋረጥኸው?» አሉኝ።

መልስ አጣሁ። በዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተቀምጬ ማዕዘንና ርዝመት ያጠናሁ ሰው፣ ኮርቻው ከፍና ዝቅ እንደሚል ዐውቅ ነበር፤ ከፍና ዝቅ መደረጉ ለእኔ ጉልበት መሆኑን ግን አላሰብሁም ነበር። ሾፌሩም «ና ተከተለኝ» ብለው ከመንገዱ ማዶ ወደሚገኝ አንድ ጠጋኝ ወሰዱኝ።

ቱንቢ፣ ሜትርና ውሃ ልክ

ጠጋኙ አዛውንት ናቸው። በግራር ጥላ ሥር አሮጌ ጎማ፣ ካቴና፣ አንድ ሣጥን ሙሉ ብሎንና መፍቻ ዘርግተው ተቀምጠዋል። በወጣትነታቸው፣ የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ባስጀመረው በወንጂ ስኳር ፋብሪካ አካባቢ፣ ለሠራተኞች ብስክሌት ሲጠግኑ እንደ ኖሩ ነገሩኝ። ብስክሌቷን ከማየታቸው በፊት እኔን አዩኝ። «የቱ ጋ ነው የሚያምህ?» ብለውም እንደ ሐኪም ጠየቁኝ።

ጉልበቴን ከፊት በኩል አሳየኋቸው። «ከፊት ሲያም ኮርቻው ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ከኋላ፣ ከቋንጃህ በኩል ቢሆን ኖሮ ከፍ ብሏል እልህ ነበር» አሉ። ከዚያም ሾፌሩ ብስክሌቷን ደግፈው ያዙ፤ እኔ ወጥቼ ተቀመጥሁ። አንዱን ፔዳል እስከ መጨረሻው ወደ ታች አድርጌ ተረከዜን እንዳስቀምጥበት አዘዙኝ። ጉልበቴ እንደ ታጠፈ ቀረ። ወረድሁ፤ ኮርቻውን ከፍ አደረጉት፤ ደግሞ ወጣሁ። ይህን አራት ጊዜ ደጋገምነው። በመጨረሻ ተረከዜ በፔዳሉ ላይ ሳለ እግሬ ቀጥ አለ።

«አሁን የእግርህን ፊት፣ ከጣቶችህ ሥር ያለውን፣ በፔዳሉ ላይ አድርግ» አሉኝ። ጉልበቴ ጥቂት ብቻ ታጠፈ። «ልኩ ይህ ነው። እግር ጨርሶ አይዘርጋ፤ ጨርሶም አይታጠፍ። ወደ ኋላ ስትነዳ ዳሌህ ግራና ቀኝ ከተወዛወዘ ግን ከልኩ አልፏል።» ይህን ብለው በኮርቻው ዘንግ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አደረጉ። ነገር ግን በምልክቱ ላይ አላሰሩትም፤ ጥቂት ዝቅ አድርገው አጠበቁት። «ጅማትህ ሁለት ወር አጭሩን ለምዷል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እያልህ ወደ ምልክቱ ውጣ» አሉኝ።

ቀጥሎ ክር አውጥተው ጫፉ ላይ ብሎን አሰሩ። ይህ የግንበኞች ቱንቢ መሆኑ ነው። ሁለቱ ፔዳሎች ከመሬት ጋር ትይዩ ሆነው ሳለ፣ ክሩን ከፊተኛው እግሬ የጉልበት ሎሚ ሥር ለቀቁት። ብሎኑ ከፔዳሉ ዘንግ ወደ ኋላ ሁለት ጣት ያህል ርቆ ተንጠለጠለ። ኮርቻው የተተከለበት ዘንግ ያዘነበለ ስለ ሆነ፣ ኮርቻው ከፍ ባለ ቁጥር ወደ ኋላም እንደሚሸሽ አስረዱኝ። ስለዚህ ብሎኑን አላልተው ኮርቻውን ወደ ፊት ገፉት፤ ክሩም በዘንጉ ላይ ወደቀ። የኮርቻው አፍንጫ ወደ ላይ ቀና ብሎ ስለ ነበር፣ ከሣጥናቸው ትንሽ ውሃ ልክ አውጥተው በላዩ አስቀመጡና ጠፍጣፋ አደረጉት።

«አሁን እጅህን እንየው» አሉ። እጆቼን በፍሬኑ ራስ ላይ ሳደርግ ክንዴ እንደ ዱላ ተወጥሮ ነበር። ኮርቻውን ጨምረው ወደ ፊት እንዲገፉልኝ ጠየቅኋቸው። «አይሆንም!» ብለው ተቈጡ። «ኮርቻ ለእግር ነው፤ እጅ የራሱ ነገር አለው። የአንዱን ሕመም ለሌላው አታሸክም።» መሪውን ከብስክሌቷ አንገት ጋር የሚያያይዘውን ብረት ለኩ፤ 11 ሳንቲ ሜትር ነበር። ከሣጥናቸው ውስጥ 9 ሳንቲ ሜትር የሆነ አገልግሎት ላይ የዋለ ብረት ፈልገው ለወጡልኝ። ከብረቱ በላይ የነበሩትንም ሁለት ቀለበቶች ከሥሩ በማድረግ መሪውን ከፍ አደረጉት። ክርኔ በቀስታ ታጠፈ፤ ትከሻዬም ከጆሮዬ ወረደ። «እጅህን ለአፍታ ከመሪው አንሣ» አሉኝ። አነሣሁ፤ ወደ ፊትም አልተደፋሁም። ክብደቴ ቀድሞ በመዳፌ ላይ ነበር፤ አሁን ግን በሚገባው ስፍራ፣ በመቀመጫዬ አጥንቶችና በእግሮቼ ላይ ሆነ።

ስለ ኮርቻውም ጠየቅኋቸው። ወፍራም ስፖንጅ ያለው ኮርቻ ልግዛ ወይ ብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። በአንድ ካርቶን ቁራጭ ላይ አስቀመጡኝና ሁለቱ የመቀመጫዬ አጥንቶች ያሳረፉትን ጕድጓድ አሳዩኝ። ኮርቻው እነዚህን ሁለት ነጥቦች የሚሸከም ወርድ ካለው ይበቃል፤ ስፖንጁ ሲበዛ ግን አጥንቱ ይሰምጥና ለስላሳውን ሥጋ ያስጨንቀዋል አሉ። በመጨረሻ ጎማዬን በአውራ ጣታቸው ተጭነው እንደ ድንጋይ መጠጠሩን አዩ። በጎማው ጎን የታተመው ከፍተኛው የነፋስ ልክ ወሰን እንጂ ትእዛዝ አይደለም፤ እንደ እኔ 66 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከዚያ ዝቅ ቢያደርግ መንገዱ አይጎረብጠውም። ጥቂት ነፋስ አስተነፈሱልኝ።

ገዥው

ይህ ሁሉ ሲሆን አራት ሰዓት አልፎ ነበር። ገዥዬም ፈልጎ ፈልጎ በግራሩ ሥር አገኘን። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ከ85 የማያንስ ትሑት ወጣት ነው። ብስክሌቷን በጣም ወደዳት። እኔ ግን ልቤ ተከፍሎ ነበር፤ በአንድ በኩል ቃሌ አለ፣ በሌላ በኩል ከሁለት ወር በኋላ ገና ያገኘኋት ብስክሌት። ሽያጩ ይቅር ለማለት ግን አፍ አልነበረኝም።

ጠጋኙ ወጣቱን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ውጣና ተቀመጥባት» አሉት። ኮርቻውን ለእርሱ ልክ እያሉ ከፍ ሲያደርጉ፣ በዘንጉ ላይ የተቀረጸው የመጨረሻ ወሰን ከቱቦው ወጥቶ ታየ። «ይህን መሥመር ያሳለፈ ሰው ዘንጉ ተሰብሮ ይወድቃል። ይህች ብስክሌት 54 ቍጥር ናት፤ አንተ ከዚህ ተለቅ ያለ አካል ያላት ያስፈልግሃል። ማስተካከል ድንበር አለው፤ ጫማ ቢጠብ ክር ማላላት ይቻላል እንጂ ጫማውን ማስረዘም አይቻልም» አሉት። ወጣቱ ዐዘነ፤ ነገር ግን ሽማግሌውን አመሰገነ። ለእኔም «ከምታስቸግረኝ በፊት አወቅሁት» ብሎ የሻይ ሒሳቤን ከፍሎ ሄደ። እኔም የጠጋኙን የድካም ዋጋና የብረቱን ዋጋ ከፍዬ፣ ሾፌሩንም አመስግኜ ተነሣሁ።

በመንገድ ላይና በቤት

ስመለስ ነፋሱ ከፊቴ ነበር። ሕመሙ በአንድ ጊዜ ጠፋ ብዬ አንባቢን አላታልልም፤ ለሁለት ወር የተበደለ ጉልበት በሁለት ሰዓት አይድንም። ነገር ግን ጣቶቼ አዳማ እስክደርስ ድረስ ነቅተው ነበር። የጭነት መኪና ሲያልፈኝም ፍሬኑ ከመዳፌ ሥር ሆኖ ይጠብቀኝ ነበር።

ቤቴ እንደ ገባሁ የሽማግሌውን ምልክት በሒሳብ ልፈትነው ፈለግሁ። ባዶ እግሬን ከግድግዳ ጋር ቆሜ፣ መጽሐፍ በጭኖቼ መካከል አጥብቄ ወደ ላይ በመያዝ የውስጥ እግሬን ቁመት ለካሁ፤ 82 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ቱር ደ ፍራንስን በ1986፣ በ1989 እና በ1990 እ.ኤ.አ. ያሸነፈው አሜሪካዊው ግሬግ ለሞንድ ያስታወቀው ስሌት ይህን ቁመት በ0.883 ያባዛል፤ የሚገኘውም ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት መካከል እስከ ኮርቻው ጫፍ ያለው ርቀት ነው። ውጤቱ 72.4 ሳንቲ ሜትር ሆነ። በ1967 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሐምሌይና ቶማስ የሚባሉ ተመራማሪዎች በእንግሊዝ አገር፣ ወደ ታች ከወረደው ፔዳል እስከ ኮርቻው ያለው ርቀት ከውስጥ እግር ቁመት 109 በመቶ ቢሆን ጥሩ ኃይል እንደሚገኝ አመልክተዋል። የእኔ 89.4 ይሆናል፤ ከዚህ ላይ የፔዳሉ ክንድ ርዝመት 17 ሳንቲ ሜትር ሲቀነስ 72.4 ይቀራል። ሁለቱ መንገዶች በአንድ ነጥብ ተገናኙ። ወደ ብስክሌቷ ሄጄ የሽማግሌውን የእስክሪብቶ ምልክት ለካሁ። 72 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነበር።

ከሱቅ የመጣችው በ68 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነበር። አራት ሳንቲ ሜትር የሚያህል ስሕተት ላይ ተቀምጬ ነው እንግዲህ የራሴን ጉልበት ስነቅፍ የከረምሁት። ከዚያም በየሳምንቱ ሦስት ሚሊ ሜትር እየጨመርሁ በሦስት ሳምንት ውስጥ ከምልክቱ ደረስሁ። የምሰጠው ምክርም ይህ ነው፤ በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ የነበረበትን ምልክት አድርጉ፤ ከዚያ ሄዳችሁ ሰውነታችሁን ጠይቁ። ሁሉን በአንድ ጊዜ የሚለውጥ ሰው የትኛው እንደ ፈወሰው የትኛውም እንደ ጎዳው አያውቅም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስ ላይ ለመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው ጽጋቡ ግርማይ እንኳ፣ ያን ሁሉ ተራራ የወጣው በሌላ ሰው ልክ በተተከለ ኮርቻ አይደለም።

በትምህርት ቤቴ፣ ከኋላው ረድፍ፣ አንድ ረጅም ተማሪ አለ። ጉልበቱ ከዴስኩ ሥር አይገባም፤ ስለዚህ ወደ ጎን ተጣምሞ ይጽፋል። ጽሕፈቱ የተንጋደደ ነው። ከመስከረም ጀምሮ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ «ቀጥ ብለህ ተቀመጥ! ሰነፍ አትሁን» ስለው ቆይቻለሁ። ከሞጆ በተመለስሁ በሰኞው ይህንኑ ለመናገር አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ዴስኩ ተሠርቶ የመጣው፣ እንደ እኔ ብስክሌት፣ «ለሁሉም ሰው ይሆናል» ተብሎ ነው።

ከትምህርት ሰዓት በኋላ ከጥበቃው ጋር ሆነን አራት የጣውላ ቁራጮች ከዴስኩ እግሮች ሥር ቸነከርን። በነጋታው ልጁ ገባ፤ ጉልበቱን ከሥሩ አስገባ፤ ወደ እኔ ቀና ብሎ አየ፤ ከዚያ ምንም ሳይናገር ደብተሩን ገለጠ። እኔም ይቅርታ ልለው አስቤ በክፍሉ ፊት አፈርሁ። በኋላ በደጅ ለብቻው ጠርቼ አልሁት።

ብስክሌቷ እነሆ ዛሬም በቤቴ አለች። በየቀኑ የማላወጣውን የባጃጅ ገንዘብ ለእኅቴ ኮምፒዩተር በአንድ ሣጥን አጠራቅማለሁ፤ ገና አልሞላም፤ እርስዋም ታውቃለች። ብስክሌት የምትገዛ አንባቢ ሆይ፣ ወይም ብስክሌት ባትገዛም በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ስምንት ሰዓት የምትቀመጥ ሆይ፣ ወገብህ ባመመህ ጊዜ ራስህን ከመንቀፍህ በፊት ሜትር አንሣ። እርካቡን አሳጥሮ መውጣት የአባቶችህ ልማድ ነው።